አራት ነጥብ አንድ ጊጋኸርዝ እብናት ወረደ

ሰዒድ ፕሮሰሰሩን ከአሮጌ የስልክ ካርቶን አውጥቶ መዳፌ ላይ ሲያኖርልኝ፣ መጀመሪያ ያደረግሁት ገልብጬ ሆዱን ማየት ነበር።

«በሬ አደረግሽው እንዴ?» አለኝ።

«በሬ ሲገዛ ጥርሱ አይታይም? የዚህ ጥርሱ ሆዱ ላይ ነው። አንድ ሺህ ሦስት መቶ ሠላሳ አንድ መርፌ። አንዷ ከተጣመመች እሱን ትቼ አንተን ነው ፈታትቼ የምሸጠው።»

«ወላሂ አንዷም አልተነካች! አዲስ አበባ አንድ ልጅ ጌም ይጫወትበት የነበረ ነው።»

«ጌም ከተጫወቱበትማ ነፍሱ ወጥታለች» አለ ብርሃኑ ከኋላዬ።

ብርሃኑና እኔ እትዬ ዓለሚቱ ፎቶና ቪዲዮ ቤት ነው የምንሠራው። እሱ ካሜራ ያነሳል። በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቋል፤ ዲግሪውን በመስታወት አስገብቶ ከሙሽሮቹ ፎቶ መሃል ስለሰቀለው ደንበኛ ሁሉ «ይቺኛዋ ሙሽራ የማን ናት?» እያለ ያልፋል። እኔ ዝናሽ ነኝ። አስራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ቆሜ ሦስት ዓመት ጉርድ ፎቶ አትሜአለሁ። የማውቀውን ሁሉ ደንበኛ በሌለ ሰዓት ከስልኬ ላይ ቃርሜ ነው ያወቅሁት። ቃርሚያም ሲወቃ እህል ነው።

አቀናባሪያችን ባሕር ዳር ሄዶ እዚያው ስለቀረ ወንበሩ ባዶ ሆኗል። ማሽኑም አርጅቶ አንድ ሠርግ ለማውጣት ግማሽ ቀን ያቃስታል። «ማሽኑንም እኔ ልምረጥ፣ ፊልሙንም እኔ ላቀናብር» ብዬ እትዬ ዓለሚቱን ሦስት ሳምንት ጨቀጨቅኋቸው። በመጨረሻ እጃቸውን አንስተው፣

«በይ እሺ፤ የእብናቱ ሠርግ መፈተኛሽ ይሁን» አሉ። «በመልሱ ቀን ፊልሙ በሰዓቱ ከታየ ወንበሩ ያንቺ ነው። ካልታየ ብርሃኑ የሚለውን ማሽን እገዛለሁ፤ እሱው ይቀመጥበታል። አንቺም ወደ ጉርድ ፎቶሽ።»

ስለዚህ ሰዒድ ሱቅ ውስጥ ቆሜ የምመርጠው ፕሮሰሰር ብቻ አልነበረም።

ብርሃኑ እንደ አማካሪ ተልኮ ነው የመጣው። ጣቱ መደርደሪያው ላይ ካለው እሽግ ሳጥን አልነቀል ብሏል። «አዲስ ነው፣ ማኅተሙ አልተነካም፣ ዋስትና አለው። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ቁልፉን።»

«የምን ቁልፍ?»

«ያንተ ምርጫ የተቆለፈ ነው። ፋብሪካው በዚህ ሂድ ካለው ፍጥነት ንቅንቅ አይልም። ውስጡ ስድስት ኮር፣ ማለትም ስድስት ሠራተኛ አለው፤ እያንዳንዱም አንድ እጅ። የኔው፣ ይሄ ራይዘን የሚባለውም ስድስት ሠራተኛ አለው፤ ግን ሁሉም ባለ ሁለት እጅ ናቸው፤ ደግሞም አልተቆለፈም። ፍጥነቱን እኔ ራሴ እጨምርለታለሁ። ዋጋው ካንተው በግማሽ ያነሰ ነው። ዲግሪህ ላይ ይሄ አልተጻፈም?»

ሰዒድ ሳቁን ለመደበቅ ከባንኮኒው ስር ጎንበስ ብሎ የማይፈልገውን ነገር ፈለገ። ተነሥቶም ፕሮሰሰሩ የሚተከልባቸውን ሁለት ማዘርቦርዶች ዘረጋ። ርካሹን ወደ እኔ ገፋ አደረገው።

«ይሄ ይበቃሻል፣ ዝኑ።»

ስሙን አነበብሁና መለስሁለት። «ይሄ ፍጥነት መጨመር አይፈቅድም። ያልተቆለፈ ፕሮሰሰር እዚህ ላይ መትከል ሰጋር በቅሎ ገዝቶ በረት ውስጥ ማሰር ነው። ያንኛውን አምጣ።»

«አላህ ያውቃል፣ አንቺን ያገባ ሰው ጨው እንኳ መርጦ አይገዛም» አለ፤ ግን አመጣው።

እስከዚህ ድረስ አንድም ነገር አልተሳሳትሁም። ስህተቴ ቀጥሎ መጣ። ሰዒድ ከላይ ከመደርደሪያው ጫፍ የሕፃን ራስ የሚያህል ትልቅ ማቀዝቀዣ አወረደ። «ፍጥነት ከጨመርሽ ይግላል። አብራው የመጣችው ትንሿ ፋን አትችለውም» አለኝ። ብርሃኑም ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቡ፣ «እሱን እንኳ ውሰጂ» አለ።

እኔ ምን አልሁ? «የጥር ብርድ እያለ ደብረ ታቦር ላይ ማቀዝቀዣ የሚገዛ ሰው ካለ እሱ ውሃ ለዓባይ ይሸጣል» አልሁ። ሰዒድ ሳቀ። እኔም በራሴ ቀልድ ሳቅሁ። ትልቁ ፋን ወደ መደርደሪያው ተመለሰ።

*

በማግስቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ቪዲዮ ቤቱን ከፍቼ መስኮቱን ወለል አደረግሁት። ውጭ ሣሩ ላይ ያለው አመዳይ ገና አልረገፈም። ጋቢዬን ተከናንቤ፣ ጣቶቼን እያሟሟቅሁ፣ ማታ የገጣጠምሁት ማሽን ሳይነቃ ወደሚገባበት ገጽ ገባሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፋብሪካው ፕሮሰሰሩን ሲሠራ ለየትኛውም አገርና ለየትኛውም አየር እንዲሆን ብሎ ፍጥነቱን ያዝ አድርጎ ይልከዋል። ጠንካራውም ደካማውም በአንድ ልክ ይወጣል። የደረሰሽ ጠንካራው ይሁን ደካማው የሚታወቀው ልጓሙን ላላ ስታደርጊለት ነው። ላላ ታደርጊያለሽ፣ ታስሮጪዋለሽ፣ ትጠብቂያለሽ። ካልወደቀ እንደገና ላላ።

ሦስት ነጥብ ሰባት። ሮጠ። ሦስት ነጥብ ስምንት። ሮጠ። ሦስት ነጥብ ዘጠኝ ላይ ፋኗ ድምጿን ከፍ አደረገች እንጂ ምንም አላለም። አራት! አራት ላይ ተነሥቼ ቆምሁ። ቮልቴጁን ትንሽ ጨመርሁለትና አራት ነጥብ ሁለት ብዬ ብጠይቀው ስክሪኑ ሰማያዊ ሆኖ ዘጭ አለ። አልተቆጣሁትም፤ የሚችለውን ነው የነገረኝ። ወደ አራት ነጥብ አንድ መለስሁት።

ሃያ ደቂቃ። አርባ ደቂቃ። አንድ ሰዓት ሙሉ ሳይንገዳገድ ሮጠ። ሙቀቱም ሰባ አንድ ዲግሪ ላይ ተተክሎ ቀረ። ጋቢዬን ወርውሬ ክፍሉ መሃል እስክስታ ወረድሁ። የምሬን ነው። እትዬ ዓለሚቱ ቁልፋቸውን ይዘው በሩ ላይ ሲደርሱ ትከሻዬ ገና አልቆመም ነበር።

«ምን ነካሽ? ጠበል ልውሰድሽ?»

«አራት ነጥብ አንድ፣ እትዬ! በሁሉም ሠራተኛ! በርካሹ!»

ማሽኑን ሩቅ ቆመው አዩትና አማተቡ። «ይፈነዳል?»

«አይፈነዳም።»

«እንግዲያው ይጨፍር» ብለው ገቡ።

ባለፈው ዓመት አሮጌው ማሽን ስድስት ሰዓት የፈጀበትን ሠርግ አምጥቼ ሰጠሁት። አንድ ሰዓት ከሃያ! ብርሃኑ ሲመጣ ሰዓቱን አሳየሁት። አየና፣ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል» አለኝ። «የዘገየስ ምን ለቀመ?» አልሁት።

*

የእብናቱ ሙሽራ አባት አባባ ሙላቴ ይባላሉ። እህልና ከብት ነጋዴ፣ አንደበታቸው እንደ ሚዛናቸው የማይዛባ ሰው ናቸው። ሠርጉ እሁድ ሆነ፤ መልሱ፣ ማለትም ሙሽሮቹ ወደ ሴቷ ቤት ተመልሰው የሚጋበዙበት ቀን፣ ሐሙስ። አባባ ሙላቴ አንድ ነገር ቆርጠው ተናገሩ።

«የልጄ መልክ ሳላየው ከቤቴ ደጃፍ አይወጣም። የጎረቤቴን ልጅ ቪዲዮ በየሰው ስልክ ላይ ሲያዞሩት አይቻለሁ። የምትሠሩት ካለ እዚሁ መጥታችሁ ሥሩት።»

እኔ ደስ አለኝ። ማሽኔን በጋቢ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አስቀምጬ፣ ስክሪኑን ብርሃኑን አስታቅፌ፣ በሚኒባስ ቁልቁል ወረድን። ሴትዮዋ ተሳፋሪ «ልጅሽ ስንት ወሩ ነው?» ስትለኝ «አራት ነጥብ አንድ» አልኋት። መንገዱ በወረደ ቁጥር ሰው ሹራቡን ያወልቃል። እኔም አወለቅሁ። ራሴ አውልቄ፣ ጭኔ ላይ ያለውን ግን በጋቢ እንደጠቀለልሁ ወረድሁ፤ እዚያ ላይ እንኳ አልነቃሁም።

የሰጡን ክፍል ከዳሱ ጎን ያለች ባለ ቆርቆሮ ቤት ናት። ማክሰኞና ረቡዕ ስቆርጥ ስቀጥል ዋልሁ፤ ለዚያ ማሽኑ ብዙም አይደክምም። ሐሙስ ሃምሳ ደቂቃ የሚፈጀውን ፊልም ጨርሼ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን እንዲያወጣው አዘዝሁት። ፊልሙ አስር ሰዓት ላይ መጀመር አለበት። አስራ አንድ ላይ ቄሶቹ ይመርቁና የሙሽራው ወገን ሳይመሽ ወደ ይፋግ ይነሣል። በአራት ነጥብ አንድ ሦስት ሰዓት አይሞላበትም። ጊዜ ተርፎኝ ፊቴን ታጥቤ ቀሚስ እለብሳለሁ ብዬ ነበር።

ስድስት ሰዓት ከአርባ ላይ፣ ሠላሳ አንድ በመቶ እንደደረሰ፣ ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነ።

ቀስቅሼ ሙቀቱን ስመለከት ዘጠና አራት ይላል። ቀና አልሁ። ከራሴ በላይ ያለው ቆርቆሮ እንደ ምጣድ ጠጥ ጠጥ ይላል፤ አየሩ አይተነፈስም። ያኔ ገባኝ። እኔ ጉድ፣ በአመዳይ ውስጥ ጋቢ ለብሼ የለካሁትን ፍጥነት ነው እብናት ላይ፣ በቀትር፣ ከቆርቆሮ ስር ያሠራሁት። ፋብሪካው ለሁሉም አገር ያለው በምክንያት ነው። እኔ ለደብረ ታቦር ብቻ አልሁት።

ብርሃኑ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። አፉን ሊከፍት ሲል ቀደምሁት።

«ፋኑን ውሰጂ ብለኸኝ ነበር። ልክ ነበርህ። አሁን ዝም በል፤ ላስብ።»

ከአፌ እንዲህ ያለ ነገር ሲወጣ ሰምቶ ስለማያውቅ በሩን ትቶ ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። ቆይቶ፣ «የቤተ ክርስቲያኑን ምስል የምታጸጂበትን ነገር አንሽው። ያኔ ባንድ ሰዓት ያልቃል» አለኝ።

«ተክሊሉን የቀረጽኸው በጨለማ ነው። ማጽጃውን ካነሳሁት ሙሽራዋ ጥላሸት ትሆናለች። አባቷ ፊት ጥላሸት ላሳይ?»

ቶሎ ብዬ አሰላሁ። የቀረን ሦስት ሰዓት ከሃያ ነው። በፋብሪካው ፍጥነት ሦስት ሰዓት ከሃያ ይፈጃል፤ ግን ይሄን እየተናገርን እንኳ ደቂቃው እየሄደ ነው። በዚያ ላይ እዚህ ቆርቆሮ ስር ደግሞ በዚያም ፍጥነት መቆሙን እንጃ። ሦስት ነጥብ ዘጠኝ ቢሮጥ ይደርሳል። የሚያስፈልገኝ ብርድ ነው። እብናት ላይ በቀትር ብርድ የት ይገኛል?

ዳሱን ተሻግሮ የጋን ሽታ መጣብኝ። ጠላ ጓዳ!

*

ጓዳው ከትልቁ ቤት ጀርባ፣ ወፍራም የድንጋይና የጭቃ ግድግዳ ያለው፣ መስኮት የሌለው ነው። በሩ ላይ የአባባ ሙላቴ እኅት እትዬ ብዙነሽ በዱካ ላይ ተቀምጠዋል። ስድስት ጋን ጠላ የሚጠብቁት እሳቸው ናቸው።

«እትዬ፣ ኮምፒውተሬን ለሦስት ሰዓት ያስገቡልኝ። ሙቀት ገደለው።»

ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «የእኅቴ ልጅ እንኳ ሳትታጠብ አትገባበትም። ጋን ዓይን አይወድም።»

«ዓይን የለውም፤ ዕቃ ነው።»

ብርሃኑ ማሽኑን ታቅፎ ሲመጣ ቀይ መብራቱ ብልጭ አለ። ለካ ገመዱን ሳይነቅል የማራዘሚያውን ሽቦ እየጎተተ ነው።

«ይሄውና ዓይኑ! ደግሞ ቀይ!» አሉ እትዬ ብዙነሽ ተነሥተው። «አንተም ወዲያ! ወንድ ጠላ ጓዳ አይገባም!»

«እትዬ ብዙነሽ» አልሁ። «ይሄ ካልዳነ የዛሬው ፊልም የለም። የወንድምዎ ልጅ በተክሊል ስትወጣ ማንም አያያትም። እኔም ከዚህ በኋላ ዕድሜዬን ሙሉ ‹አገጭዎን ቀና ያድርጉ› ስል እኖራለሁ።»

ትንሽ አሰቡ። «ዓይኑን ሸፍኝው።»

ከብርሃኑ ካሜራ ቦርሳ ጥቁር ፕላስተር አውጥቼ መብራቱ ላይ ለጠፍሁ። እሳቸው ግን አላመኑም፤ ነጠላቸውን አውልቀው ማሽኑን ከላይ እስከ ታች ሊያለብሱት ሲሉ፣

«እንዳያደርጉት! መተንፈሻው ነው!» ብዬ ጮህሁ።

«ይተነፍሳል?»

«በጀርባው።»

«ኧረ ጉድ ነው» አሉና ነጠላውን በጋኖቹ አፍ ላይ አለበሱት። እኔን እጄን አስታጥበው አስገቡኝ። ብርሃኑ ገመዱን በግቢው ዙሪያ አሻግሮ፣ የሰው እግር እንዳይጠልፈው ቆሞ ይጠብቅ ጀመር። የኮምፒውተር ሳይንስ ምሩቅ በሚዜዎች መሃል «ወዲህ በኩል እለፉ» ሲል ማየት በሌላ ቀን ቢሆን አንድ ወር ያስቀኝ ነበር።

ከነስክሪኑ ከሁለት ጋኖች መሃል አስቀመጥሁት። ወለሉ ቀዝቃዛ ነው። ሦስት ነጥብ ዘጠኝ አደረግሁት፤ ቮልቴጁንም እስክስታ ከወረድሁበት ቀን በጣም ዝቅ አድርጌ ቆረጥሁለት። ስድስት ሰዓት ከሃምሳ አምስት ላይ ጀመረ። ሙቀቱ ስልሳ። ስልሳ አምስት። ስልሳ ስምንት ላይ ቆመ።

ስምንት ሰዓት። ዘጠኝ ሰዓት። ውጭ ዘፈኑ ደምቋል፤ የሙሽራው ወገን ደርሷል፤ እልልታው ግድግዳውን አልፎ ይመጣል። እኔ የማየው አንዲት አረንጓዴ መስመር ነው። ማሽኑ የሚጨርስበትን ሰዓት ራሱ ይገምታል፤ አስር ሰዓት ከአምስት ይላል።

«ስንት ደረሰ?» ብርሃኑ ከውጭ።

«ሰባ በመቶ! አምስት ደቂቃ ይዘገያል!»

«አባባ ሙላቴ ሰዓታቸውን አይተዋል! እትዬ ዓለሚቱም መጥተዋል!»

ፍጥነቱን ማሽኑ እየሠራ መጨመር ይቻላል። ግን ቢወድቅ ሰባው በመቶ እንዳለ ይሄዳል፤ እንደገና የሚጀመርበት ጊዜ የለም። እጄን ማውሱ ላይ አድርጌ ተቀመጥሁ። እትዬ ብዙነሽ አጠገቤ ቁጢጥ አሉ።

«ምን ያስፈራሻል?»

«ይቸኩል ብለው ይግላል። ከጋለ ይወድቃል።»

«እንዲህ አትዪም ታዲያ! ጠላም ሲፈላ ይግላል እኮ።» ተነሥተው ውሃ በቅል ቀዱና ወለሉን ረጩት፤ ሁለት ጆንያ ነክረው አንዱን በሩ ላይ፣ አንዱን ከማሽኑ ፊት ለፊት በዱላ ሰቀሉ። የጥር ነፋስ ደረቅ ነው፤ በእርጥቡ ጆንያ አልፎ ሲገባ ክንዴ ላይ ፀጉሬ ቆመ። ዓይኔን ወደ ስክሪኑ መለስሁ። ስልሳ ስድስት። ስልሳ አራት። ስልሳ ሁለት!

«እትዬ! ይሄን ማን አስተማረዎት?»

«ጋኑ» አሉ።

ሦስት ነጥብ ዘጠኝ አምስት። ማውሱን ተጫንሁት። ሮጠ። አራት። ፋኗ ጮኸች፤ ሙቀቱ ሰባ ሦስት ደርሶ ቆመ፤ መስመሯ ግን መንገዷን አላቋረጠችም። የሚጨርስበት ሰዓት ከአስር ከአምስት ወደ አስር ከሦስት፣ ከዚያ ወደ አስር ከአንድ ወረደ። አራት ነጥብ አንድ ላይ ጣቴ ደርሶ ነበር። እዚያው አቆምሁት። ለደቂቃ ብዬ ሠርግ አልበላም።

ዘጠና ስድስት፣ ዘጠና ስምንት። መቶ!

አስር ሰዓት ከአንድ ደቂቃ ነበር። ፍላሹን በጥርሴ ነክሼ ጆንያውን ገልጬ ወጣሁ፤ ለብርሃኑ ወረወርሁለት፤ ቀለበና ሮጠ። አባባ ሙላቴ ሰዓታቸውን አንድ ጊዜ፣ እኔን አንድ ጊዜ አዩ። 

ዳሱ ጨለም ተደረገ። ልጃቸው ካባዋን ለብሳ፣ ዘውዷን ደፍታ ከቤተ ክርስቲያኑ ጨለማ ስትወጣ ፊቷ እንደ ጠዋት ፀሐይ ጥርት ብሎ ነጭ ሸራው ላይ ወጣ። እልልታው ሲፈነዳ አባባ ሙላቴ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት፤ ፊልሙ እስኪያልቅ አላነሡትም። እትዬ ብዙነሽም ጓዳቸውን ትተው መጥተው፣ «በኔ ጓዳ ነው የተሠራ!» እያሉ ላልጠየቃቸው ሁሉ ይናገሩ ነበር።

ቄሶቹ ለምርቃት ሲነሡ እትዬ ዓለሚቱ ጠሩኝ። ቀሚስ አልቀየርሁም፤ እጄ ጭቃ፣ ፀጉሬ ጌሾ ጌሾ ይሸታል። ብርሃኑንም ጠሩት።

«አንተ ተናገር። ምርጫዋ እንዴት ነው?»

ብርሃኑ ወደ እኔ አየ። ሊበቀለኝ ይችል ነበር፤ ሰማያዊውን ስክሪን በዓይኑ አይቷል። «ምርጫዋ ልክ ነው፣ እትዬ» አለ። «የኔው ምርጫ ቢሆን ይሄን አያደርስም ነበር። ቀትር ላይ አንዴ ወድቆባት ነበር፤ ያነሣችው ግን ራሷ ናት።»

«አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«ማቀዝቀዣ ላይ ተሳሳትሁ» አልሁ። «አገሬ ብርድ ነው ብዬ አገር ሁሉ ብርድ መሰለኝ። ትልቁን ፋን እንገዛለን። ሌላው ሁሉ ግን እንዳልሁት ነው።»

«‹ሌላው ሁሉ ግን›!» አሉ እትዬ ዓለሚቱ፤ ሳቃቸው አመለጣቸው። «እንደው ምላስሽን ዝቅ የሚያደርግልሽ ቁልፍ ቢገኝ ጥሩ ነበር። በይ፣ ወንበሩ ያንቺ ነው። ሰኞ ተቀምጠሽበት ላይሽ።»

ሰኞ እስኪደርስ ማን ይጠብቃል? ቅዳሜ ጠዋት ገብቼ ተቀመጥሁበት።